ነጋድራስ በቅሎ ቃጭሏን የወተፈች ጊዜ

ተረት ተረት ስላችሁ «የጨው መሬት» በሉኝ። አልሰማሁም፤ ጠጋ በሉና ድገሙልኝ። አዎ፣ እንደሱ ነው። ተረት አፍ ብቻ አይበቃውም፣ ጆሮም ይፈልጋል።

ድሮ ነው። ሰው አህያ መጫን ገና ሳይማር፣ ጨውም ድንጋይም አፍ በነበራቸው ዘመን፣ አንዲት በቅሎ ነበረች። ስሟ ዳሚት። ዳማ ናታ፤ ፀሐይ ስታርፍባት ገላዋ ቀይ ማር ይመስላል። ሥራዋ ነጋድራስነት ነበር፤ የነጋዴዎች ራስ፣ የሲራራ አለቃ። አህዮቿን አስከትላ ቆላ ትወርዳለች፣ ከጨው ሜዳው አሞሌ አስጭና ደጋ ገበያ ትወጣለች። አህዮቹ ይሸከማሉ፣ እሷ ትመራለች። እሷ ጀርባ ላይ ጭነት የለም፤ ቀይ ግላስ ብቻ፣ ዳር ዳሩ በሐር የተጠለፈ የጌጥ ልብስ።

አንገቷ ላይ ግን ቃጭል ነበር። እሱ ደግሞ አያርፍም። የዳሚት አንገት ሽምቅቅ ካለ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። «ቅጭል ቅጭል፣ ዳሚት፣ ያ ድንጋይ አልጸናም። ቅጭል ቅጭል፣ ከቁጥቋጦው ኋላ ዓይን አየሁ።» ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። አንዳንዴም ጥንቸል አይቶ ነው የሚጮኸው፤ ፈሪ ሁልጊዜ ልክ አይሆንማ።

ይህ ሲራራ አንድ ደንብ ነበረው፤ «ጀርባ ማየት» ይሉታል። ማለዳ፣ ጭነት ሳይጫን፣ ነጋድራሷ ከአህያ አህያ ትዞራለች። ግንባሯን ጀርባው ላይ ታሳርፍና ዝቅ ባለ ድምፅ «የት ያምሃል?» ትላለች። አህያ አይዋሽም፤ «ግራ ትከሻዬን» ይላል፣ «ወገቤን» ይላል። ከጀርባና ከጭነት መካከል የሚገባው ደበሎ፣ ያ የበግ ቆዳ፣ እሱም አፍ አለው፤ «እዚህ ጋ ነው፣ ትኩስ ነው፣ ሊላጥ ነው» እያለ ይመራታል። የታመመ ስታገኝ የዳሚት ዓይን ዕንባ ያቀርራል። ደበሎውን ታስተካክላለች፣ ከጭነቱ ቀንሳ ለጠንካራው ታካፍላለች። ከዚያ በኋላ ነው ጉዞ።

ደንቡን ያወጣው የሞተው አባቷ ነው። ይህን ግን ዳሚት አትናገርም። ለምን በሉኝ። አባቷ አህያ ነዋ።

ገበያ ላይ ሥራ ፈት ሁሉ «ነጋድራስ፣ ለመሆኑ አባትሽ ማነው?» ይላታል። እሷም ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ «እናቴ ፈረስ ናት» ትላለች። ገበያው ይስቃል። በሲራራው ውስጥ የአባቷ ወንድም ነበረ፣ ጫንያለው የሚባል ሽማግሌ አህያ። አንድም ቀን «አጎቴ» ብላው አታውቅም። «አባ ጫንያለው፣ ተሰለፍ» ትለዋለች፤ እሱም ይሰለፋል። የወንድሙ ልጅ ናት፣ ምን ያድርግ።

እንግዲህ ጀርባ ማየት ጊዜ ይፈጃል። የግመሎች ሲራራ አለ፣ አለቃው ግራዝማች ግመል ይባላል፣ አንገቱ ረጅም፣ ኩራቱ ከአንገቱ ይረዝማል። እነሱ ጀርባ አያዩም። ዳሚት ገበያ ስትደርስ ግመሎቹ ሸጠው፣ አርፈው፣ ያመሰኳሉ። ገበያው ጨው ጠግቧል። ዳሚት የተረፈውን ገዥ ትለምናለች።

«ነጋድራስ አልቃሻ» ይላታል ግራዝማች ግመል። «ዛሬስ የማንን ወገብ ስታለቅሺ ዋልሽ?»

እሷም ለማስመሰል አብራ ትስቅና ወደ ልመናዋ ትመለሳለች።

አንድ ዓመት ሦስት ገበያ ተከታትሎ ከሰረባት። የሲራራው መኖ ተመናመነ። ይርገዱ የምትባል አህያ፣ ልበ ቀና፣ ለጓደኞቿ ስትል ሁለት ድርሻ የምትሸከም፣ አንገቷን ደፍታ መጣች።

«እትዬ ዳሚት፣ አይዘኑብኝ። ዘንድሮም ካልቀናን ልንበተን ነው። እኔ እንጨት ልሸከም እሄዳለሁ፣ ሌሎቹም ኖራ ሊሸከሙ። ልጆች አሉን።»

ሲራራ ማለት ለዳሚት ቤት ነው። አህዮቹ ከሄዱ፣ ግላስ የለበሰች ብቸኛ በቅሎ ትሆናለች፤ የማንም ያልሆነች።

በዚያው ሰሞን አውራ ዶሮ ጉብታ ላይ ወጥቶ አዋጅ ነገረ። «ስማ፣ ያልሰማህ ስማ። አያ አንበሳ ልጁን ሊድር ነው። ለሠርጉ ጨው ቀድሞ ያስገባ፣ እሱ የግቢው ጨው አቅራቢ ይሆናል።»

ኧረ ያን ቀን የጨው ሜዳው እንዴት ተተራመሰ። ግመሎቹ ተነሡ፣ አህዮቹ ተነሡ፣ አቧራው ሰማይ ነካ። አሞሌዎቹ ራሳቸው «እኔን ጫኑኝ፣ እኔን፣ እኔን» እያሉ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ሠርግ ማን ይጠላል። ዳሚት አህዮቿን ወደ ፊት አስጠጋች። ዘንድሮ ትቀድማለች። መቅደም አለባት።

በዚህ መካከል ቁራ መጣ። ያን ጊዜ ቁራ ከምንቃሩ እስከ ጭራው ጥቁር ነበር፣ አንዲት ነጭ ላባ አልነበረችውም፤ ይህን ያዙልኝ።

«እመቤቴ ነጋድራስ፣ እንደምን አደሩ» አለ፣ ጎንበስ ብሎ።

«ደህና። ፍጠን፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ለዚሁ ነው የመጣሁት። እኔ ከላይ ሆኜ ሁሉን ሲራራ አያለሁ። የእርስዎ አህዮች ከግመል አያንሱም። የሚጎትትዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሆድዎ። ሆደ ቡቡ ነዎት። ንግድ በራስ ነው እንጂ በሆድ አይደለም።»

ቃል ሲጣፍጥ ጆሮ ይተኛል።

«ይህን ደበሎ ይዩልኝ» አለ ቁራ። «የሞተ በግ ቆዳ። በእሱ ቦታ አንድ አንድ አሞሌ ቢገባ ስንት ጨው ነው?»

ደበሎው ከይርገዱ ጀርባ ላይ ተናገረ። «ዳሚት፣ ጀርባ ሲላጥ ቀድሞ የሚሰማኝ እኔ ነኝ። እኔ ከሌለሁ በምን ታውቂያለሽ?»

«አታውቅም፤ አለማወቋ ነው የሚያስቀድማት» አለ ቁራ።

ዳሚት ወደ ግመሎቹ አየች፤ ሊነሡ ነው። «ደበሎዎቹን አውርዱ» አለች። አህዮቹ ተያዩ። አወረዱ። ጫንያለው ብቻ «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ደጋው ይበርደኛል፣ ጠቅልዬ ልያዛቸው» አለ።

«በራስህ ላይ ትርፍ ሸክም ነው፣ አባ ጫንያለው።»

«ለምጄዋለሁ፣ ልጄ» አለ።

ሄዱ። እንዴት ያለ አካሄድ ነው። እርሻውን አለፉ፣ ግራሩን አለፉ፣ ቀትር ላይ ግመሎቹን ከኋላ ደረሱባቸው። ዳሚት አንገቷን ሰበቀች፤ ነፋሱ ግላሷን እንደ ባንዲራ ያውለበልበዋል። ማታ ሲሰፍሩ ጎን ለጎን ሆኑ።

«እህ» አለ ግራዝማች ግመል፣ «ዛሬ ዕንባሽ አለቀ እንዴ?»

«ላንተ ላበድርህ ብዬ ነው የቆጠብኩት» አለችው። አህዮቹ እንደ ወትሮው አልሳቁም። እሷ አላስተዋለችም።

ሲነጋ፣ ዳሚት እንደ ልማዷ ወደ መጀመሪያው አህያ ሄደች። ግንባሯን ልታሳርፍ ስትል ቁራ ጆሮዋ ላይ አረፈ።

«እመቤቴ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ጀርባ ልይ።»

«ካዩ ይጠይቃሉ። ከጠየቁ ይሰማሉ። ከሰሙ ያለቅሳሉ። ካለቀሱ ግመል ይቀድማል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለመሆኑ ይህ ጀርባ ማየት የማን ወግ ነው? የፈረስ ነው? ፈረስ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። ይህ የአህያ ነገር ይመስላል።»

ተመልከቱልኝ፣ የት ጋ እንደ ወጋት። ዳሚት ጆሮዋ ጋለ። ግንባሯን መለሰች።

«ተሰለፉ» አለች። «ዛሬ የሚጠየቅ የለም።»

«ዝንቡንስ?» አለች ይርገዱ ቀስ ብላ። «ጀርባችን ላይ ዝንብ ሰፍሯል።»

«ለእሱ እኔ አለሁ» አለ ቁራ፣ ደስ ብሎት። ዘሎም ይርገዱ ጀርባ ላይ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ከአህያ አህያ ይዘላል፣ ጎንበስ ቀና ይላል። ዳሚት ዝንብ የሚለቅም መሰላት። ኋላ ዞራ አላየችማ።

ያን ቀን ግመሎቹን ቀደሙ።

ልጆቼ፣ መቅደም የሚሉት ነገር ያሰክራል። ፊት የሚታይ ማንም የለም፣ መንገዱ የራስሽ ነው፣ አቧራውን የምታነሺው አንቺ ነሽ። ዳሚት ግቢውን አየችው፣ አያ አንበሳን አየችው፣ «ነጋድራስ ዳሚት ትቅረብ» ሲባል ሰማችው። ገና ሳይሆን ሁሉን አየች። ኋላዋ ያለውን ብቻ አላየችም።

አህዮቹ ሲዘገዩባት ቁራ ጅራፉን አስታወሳት። ጅራፍ በዚያ ሲራራ ለዝንብ ነበር የተያዘው። በጥርሷ ያዘችው፣ አየር ላይ አጮኸችው። አንዴ፣ ሁለቴ። አህዮቹ ሮጡ። ጅራፉ ግን «ዋይ፣ ዋይ» እያለ አለቀሰ።

«አንተ ምን ሆንክ?» አለችው። «የምትመታው አንተ፣ የምትጮኸውም አንተ?»

«አንድ ሰው መጮኽ አለበት» አለ ጅራፉ። «እነሱ ዝም ብለዋል።»

ወዲያውም የዳሚት አንገት ሽምቅቅ አለ፣ ቃጭሉም ጮኸ። «ቅጭል ቅጭል፣ ዳሚት፣ አህዮቹ እንዴት ነው ዝም ያሉት? ቅጭል፣ ከፊታችን ጠባቡ በር ነው። ቅጭል፣ ሽታ አለ።»

ጠባቡ በር ሁለት ገደል የተገናኘበት ቦታ ነው። አንድ አንድ እየሆኑ ነው የሚያልፉት። አያ ጅቦ ዋሻው እዚያ አቅራቢያ ነው።

«ይህ ቃጭል ደግሞ» አለ ቁራ። «እንደ ሽማግሌ ዓመቱን ሙሉ ያስላል። ፍርሃት ለነጋዴ ምን ያደርግለታል? ሣር ይወትፉበት።»

«እንዳትወትፊኝ» አለ ቃጭሉ። «ጥንቸል አይቼ ባስደነገጥኩሽ ቀን ይቅርታ አድርጊልኝ። ዛሬ ጥንቸል አይደለም።»

ዳሚት የግመሎቹን እግር ድምፅ ከኋላ ሰማች። እየቀረበ ነው። ከበሩ ማዶ ገበያው አለ። አንድ ጭብጥ ሣር ነጨችና ለቁራ ሰጠችው። ቁራም ጠቅጥቆ ወተፈው። ቃጭሉ «ቅ…» አለና ቀረ።

ደበሎ የለም፣ ጥያቄ የለም፣ ቃጭል የለም። ሲራራው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጠባቡ በር ገባ።

መካከል ላይ ሲደርሱ ዳሚት የሆነ ነገር ከእግሯ ሥር ሲረጥብ ተሰማት። ዝናብ የለም። ጎንበስ ብላ አየች፤ ከኋላ እየፈሰሰ የመጣ ቀይ ውሃ ነው። ያን ጊዜ አሞሌዎቹ በጀርባ ላይ ሆነው ማንሾካሾክ ጀመሩ።

«እየሟሟን ነው።»

«ደም ነው የነካን።»

«ቁስል ላይ ነው ያስቀመጣችሁን። እኛስ ጨው ነን፤ ቁስል ላይ ጨው ምን እንደሚያደርግ ማን ይነግራችኋል?»

ዳሚት ጠዋት ከተነሡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረች። ይርገዱ ቆማለች። ከዚያ ጉልበቷ ታጠፈ። ከነጭነቷ፣ በጠባቡ መንገድ ላይ፣ ቁጭ አለች። ኋላዋ ያሉት ሁሉ ቆሙ።

«ተነሺ፣ ይርገዱ» አለች ዳሚት። «ማዶ ነው፣ ገበያው ይታያል።»

ይርገዱ አልተነሣችም። ቁራ ከጀርባዋ ላይ ብድግ አለ፤ ምንቃሩ ቀልቷል።

ዳሚት ምንቃሩን አየች። አሁን ገባት። ዝንብ አልነበረም ሲለቅም የዋለው።

«አይደንግጡ፣ እመቤቴ» አለ ቁራ። «መጫኛዋን ፈትተው፣ ጨውዋን ለሌሎች አካፍለው፣ ትተዋት ይለፉ። እዚህ ቦታ አንዲት መተው የነበረ ነው። እሷ ለአያ ጅቦ፣ የአያ ጅቦ ትራፊ ለእኔ። እሱ ጠግቦ ሲተኛ እርስዎ በሰላም ያልፋሉ። ሒሳቡን በራስ ይሥሩት፤ አንዲት አህያ፣ ወይስ የአንበሳ ግቢ?»

ዝም ብላችሁ አስቡት። ከፊት ብርሃኑ ይታያል። ከኋላ የግመሎቹ እግር ይሰማል። ሌላ መንገድ ወስደው ዳገቱን በላይ በኩል እየዞሩ ነው፤ ትንሽ ከቆየች ያልፏታል። የዳሚት አንገት ተንቀጠቀጠ፣ በጣም ተንቀጠቀጠ። ቃጭሉ ግን ተወትፏል፤ ምንም አላለም። ያን ዝምታ ያህል አስፈሪ ነገር ሰምታ አታውቅም።

ጫንያለው ከኋላ ተጠጋ። ሽማግሌው አልወቀሳትም። አልተቆጣትም። ጎኑን ብቻ አዞረላት፣ ጀርባውን እንድታይ። አየች። አባቷ ሲሞት የነበረው ጀርባ እንዲህ ነበር። ደንቡን ያወጣው ስለዚህ ነበር፤ ሌላው እንደሱ እንዳይሆን።

ዳሚት ሄደች፣ ግንባሯን ይርገዱ ጀርባ ላይ አሳረፈች።

«የት ያምሻል?»

«እትዬ» አለች ይርገዱ፣ «ከጀርባዬ ይልቅ አለመጠየቅዎ ነው ያመመኝ።»

የዳሚት ዕንባ ወረደ። ወርዶም ቁስሉ ላይ አረፈ። ዕንባ ጨው ነውና ቁስሉን ለበለበው፤ ይርገዱም ሁለት ቀን ያፈነችውን ለቀቀችና ጮኸች። እንዴት ያለ ጩኸት ነው። አንዷ ስትጮኽ ሁሉም ጮኹ፣ ከፊት ከኋላ፣ ገደሉ ተቀብሎ መለሰው፣ ድንጋዩ ሁሉ አህያ የሆነ መሰለ።

«ቀመስነው» አሉ አሞሌዎቹ። «ዕንባዋን ቀመስነው። ዘመዳችን ነው።»

ጫንያለው ተንጠራርቶ ሣሩን ከቃጭሉ ውስጥ በጥርሱ መዘዘው። ቃጭሉ የተጠራቀመበትን በአንድ ጊዜ ለቀቀው። «ቅጭልቅጭልቅጭል፣ ግራ ዳሚት፣ ግራ፣ ከትልቁ ድንጋይ ኋላ፣ ሁለት ዓይን፣ ጥንቸል አይደለም፣ እውነቴን ነው።»

እውነቱን ነበር። አያ ጅቦ ከድንጋዩ ኋላ ብቅ አለ፣ ምራቁን እየዋጠ።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ። «የቀረልኝን ልወስድ ነው። ከቁራ ጋር ተነጋግረናል።»

«ከእኔ ጋር ግን አልተነጋገርክም» አለች ዳሚት።

«አንቺማ ነጋዴ ነሽ፣ ሒሳብ ታውቂያለሽ።»

ዳሚት ተቆጣች። የዚያን ጊዜው ቁጣ አህያ ላይ ጅራፍ እንደሚያነሣው ቁጣ አይደለም፤ ማን ላይ እንደሚያርፍ ያወቀ ቁጣ ነው። ቃጭሉ ቦታውን ነገራት፣ ዓይኗ ዕንባ እንዳቀረረ ዞረች፣ ኋላ እግሯን ሰበሰበች። እናንተ በቅሎ ስትራገጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አያ ጅቦን መንጋጋው ላይ አገኘችው። አያ ጅቦ እየተንከባለለ፣ «ይህን ሒሳብ አልተማርኩም» እያለ፣ ቁልቁል ወረደ።

ቁራ ሊበር ክንፉን ዘረጋ። ሁለተኛዋ ርግጫ ይርገዱ ስትወድቅ ጎኗ በተሰበረው አሞሌ ላይ አረፈች፤ ጨዉ እንደ ዱቄት ቦነነና የቁራ ማጅራት ላይ ተለጠፈ። አልለቅ አለው። እስከ ዛሬም አልለቀቀውም። የደጋ ቁራ ስታዩ ማጅራቱ ላይ ያለችው ነጭ፣ ያቺ ናት። ቁስል የሚበላ ጨው ይሸከም ተብሎ ነው።

ከዚያ ዳሚት ግላሷን በጥርሷ ሳበች። ሐሩ ተተረተረ፣ ግድ አልሰጣትም። አጥፋ ይርገዱ ጀርባ ላይ አለበሰቻት። ጫንያለው ተሸክሟቸው የመጣውን ደበሎዎች ፈታ።

«አልበረደህም ነበር እንዴ?» አለችው።

«ደጋው ገና ነው» አለ። «እኔ የፈራሁት አንቺ እንዳትቀዘቅዢ ነበር።»

ደበሎው ጀርባ ላይ ሲያርፍ «እዚህ ጋ» አለ፣ «ቀስ፣ እዚህም ጋ።» ዳሚት ከአንዱ ወደ አንዱ ዞረች፣ ሁሉንም ጠየቀች፣ የሁሉንም ሰማች። የአንዱ ሲሰማ ሌላው ይስቃል፤ ተጫዋችነታቸው ተመለሰ። አንዱ ጎረምሳ አህያ «እኔን ሆዴን ነው የሚያመኝ፣ ርቦኛል» ብሎ ሁሉን አሳቃቸው።

የይርገዱን ጭነትስ ማን ይሸከመው? አህዮቹ ተያዩ። ዳሚት ጎንበስ አለች።

«በእኔ ላይ ጫኑ።»

«በነጋድራስ ላይ?» አሉ።

«ጫኑ አልኩ እኮ።»

ጫኑባት። አሞሌው ጀርባዋን ሲነካት ትንፋሿ ቆመ። ለካ ይህን ያህል ይከብዳል። አፏን ልትከፍት ስትል ከጎኗ ድምፅ ሰማች።

«የት ያምሻል?» አለ ጫንያለው።

«ግራ ትከሻዬን» አለች። ደበሎውን አጠጋላት።

እንዲህ ሆነው፣ ቀስ እያሉ፣ በነጋታው ፀሐይ ሞቅ ሲል ገበያ ደረሱ። ግመሎቹ ቀድመዋል። ሠርጉ ጨው አግኝቷል። ከበሮው ከግቢው ይሰማል። ግራዝማች ግመል ከአንበሳው አጋፋሪ ከጃርት ጋር ቆሞ ያመሰኳል።

ገበያው ዳሚትን ሲያይ ሳቅ ፈነዳ። ግላስ የላትም። ጀርባዋ ላይ ጭነት አለ። ከአህዮቹ መካከል ነው የምትሄደው፣ ከፊት አይደለም።

«ነጋድራስ አልቃሻ» አለ ግመል። «አህያ ሆነሽ መጣሽ እንዴ?»

አጋፋሪ ጃርት እሾሁን አራግፎ ጠየቃት፤ እሱ ለወግ ያህል ነው። «ማን ነሽ? ለምን ዘገየሽ? አባትሽስ ማነው?»

ገበያው ጆሮውን አቆመ። መልሱን ሁሉም ያውቁታላ። አፋቸውን ለሳቅ አዘጋጁ።

ዳሚት ወደ ጫንያለው አየች።

«አባቴ አህያ ነው» አለች። «ይህ አጎቴ ነው። የዘገየሁት ጀርባ ሳይ ነው።»

የተዘጋጀው ሳቅ መውጫ አጣ። ገበያው ጸጥ አለ። ከዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማ፤ ከወዲያ ማዶ፣ ከግመሎቹ መካከል፣ አንዲት ግመል እያቃሰተች ነበር። ጭነቷ ገና አልወረደላትም። ማንም አልጠየቃትም።

ዳሚት ጭነቷን እንደ ተሸከመች ወደ እሷ ሄደች። «የት ያምሻል?» አለቻት። ግመሏ ይህን ጥያቄ ሰምታ ስለማታውቅ መጀመሪያ የት እንደሚያማት ራሱ ጠፋት። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

እዚህ ጋ ተረቱ ያለቀ ይመስላል፣ ግን ሠርግ ያልቃል፣ ወጥ አያልቅም። የአንበሳው ግቢ የበላውን በላ፣ ጨዉ አለቀ። አጋፋሪ ጃርት ወደ ግራዝማች ግመል ሄደ። «ውረድና አምጣ» አለው። ግራዝማች ግመል ዞር ብሎ አየ፤ ግመሎቹ ተኝተዋል። ጀርባቸው የተላጠ፣ ጉልበታቸው የዛለ። አንዱም አልተነሣም። ጎተተ፣ ተሳደበ። አልተነሡም።

«ነጋድራስ በቅሎዋስ?» አለ ጃርት።

ዳሚት ጀርባ ስታይ ደረሰባት። አህዮቹ አንዱም አልተበተነም። ይርገዱ ቆማለች፣ ቁስሏ ደርቋል፣ የእንጨቱንም የኖራውንም ነገር ረስታዋለች።

«ለሠርጉ አልደረስሽም» አለ ጃርት፣ ራሱን እያከከ። ጃርት ራሱን ሲያክ ማየት ነው።

«ሠርግ የአንድ ቀን ነው» አለች ዳሚት። «ጨው የዓመት ነው። ለዓመቱ እንደርሳለን።»

ወረዱ። ወጡ። ደግሞ ወረዱ። ማንንም ሳይጥሉ፣ ለማንም ሳይተዉ። ያቺ ያለቀሰች ግመልም አብራቸው ወረደች፤ በአህያ ሲራራ ውስጥ አንገቷ ብቻዋን ከሩቅ ይታያል። ዳሚት አዲስ ግላስ አላሠራችም። አንገቷ ላይ ግን ቃጭሉ አለ፣ ሣር የሌለበት፣ አሁንም አንዳንዴ ጥንቸል አይቶ ያስደነግጣታል። እሷም «እሺ፣ አየሁት» ትለዋለች፤ ትሰማዋለች እንጂ አትወትፈውም። ጅራፉም ወደ ዝንቡ ተመለሰ፤ ካልመታ አያለቅስም።

ገበያ ላይ «አባትሽ ማነው?» የሚላት ጠፋ። ጥያቄው የሚጣፍጠው መልሱ ሲደበቅ ነበር።

እንግዲህ አለቃ ስትሆኑ፣ መሆናችሁ አይቀርም፣ የሱቅም የማሳም የሰውም አለቃ፣ ሆዳችሁን ቤት ትታችሁ ሥራ ውጡ የሚላችሁ ይመጣል። ምንቃሩን እዩት። ከዚያ ይህን ንገሩት፦ ዕንባ የሌለው አለቃ፣ ጨው የሌለው ወጥ።

ተረቴን መልሱ፣ እኔን ጨው አልሱ።